ሦስት ኔትዎርክ፣ አንድ ቦርድ፦ ማን ይጠብቅ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር ያዘነብላሉ። ሰው ሁሉ አንድ ቺፕ ገዝቶ ሦስት አራት ኒውራል ኔትዎርክ (ከምሳሌ ተምሮ ምስል ወይም ድምፅ የሚለይ ፕሮግራም) ሊጭንበት ይፈልጋል። ደስ ይላል። ድሮ የሚመጣልኝ "ስልኬ ለምን ይሞቃል?" የሚል ነበር። እርግጥ መልሱ ያን ያህል አይራራቅም።

ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ጅማ መርካቶ የቡና ሚዛን፣ የእርጥበት መለኪያና የማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ እጠግናለሁ። ቀደም ሲል የዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ ላብ አሠራ ነበር። መልሴ ላይ የቡና ገለባ ቢበዛ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኪቶ ፉርዲሳ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የቡና መለያ ማሽን እየሠራን ነው። ፍሬው በኮንቬየር ያልፋል፣ ካሜራ ያየዋል፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን በአየር ግፊት እናስወጣለን። ሌላ ሁለት ነገርም ጨምረናል። አንዱ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ ኩሽኔታው ሊበላ ሲል ያስጠነቅቃል። ሌላው "ቁም" እና "ሂድ" የሚሉ ትእዛዞችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሰማል። ያለን አንድ ፒንክ ዜድ-2 ቦርድ ብቻ ነው፤ ቺፑ ውስጥ ሰርኪዩቱን እንደፈለግን እንቀርጽበታለን። አንዱ ጓደኛዬ "ለእያንዳንዱ ኔትዎርክ የራሱን አክሰለሬተር (ስሌቱን የሚያፋጥን ሰርኪዩት) እንሥራለት" ይላል። ሌላዋ "አንድ ትልቅ፣ እንዳስፈላጊነቱ የሚከፋፈል እንሥራ" ትላለች። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። ለምስሉ ሞባይልኔት የሚባለውን ኔትዎርክ በ224 በ224 ፒክሰል ነው የምንጠቀመው። አንድ ፎቶ ላይ እስከ 60 ፍሬ ይኖራል፤ እያንዳንዱን ቆርጠን እናስገባለን። ኮንቬየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። ካሜራው በአንድ ጊዜ 20 ሳንቲሜትር ያያል። ከካሜራው እስከ አየር ማስወጫው 30 ሳንቲሜትር ነው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ያስቀደምኩት ቁጥር ስላለበት ነው። ብዙ ሰው "የቱ ቺፕ ይፈጥናል?" ብሎ ይጽፍና ምን ሊሠራበት እንደሆነ አይነግረኝም። አንተ ሳንቲሜትሩን ሳይቀር ጽፈሃል። እርሳስ አውጣ፣ አብረን እናስላ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ፍሬው ከካሜራው ተነስቶ አየር ማስወጫው ጋ እስኪደርስ 30 ሳንቲሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 50 ሳንቲሜትር ነው ብለሃል። ስለዚህ ለውሳኔ 0.6 ሰከንድ አላችሁ። ካሜራው 20 ሳንቲሜትር ስለሚያይ አዲስ ፎቶ የሚያስፈልጋችሁ በየ0.4 ሰከንዱ ነው። በሰከንድ ሁለት ተኩል ፎቶ ማለት ነው። ይህ ለቺፕ ጥብቅ ቀጠሮ አይደለም።

ቀጥሎ አቅሙ። ቦርዳችሁ ላይ ያለው ዚንክ 7020 ቺፕ 220 ማባዣ አለው። በ100 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በ100 ሚሊዮን ምት ቢሄድና እያንዳንዱ ማባዣ በየምቱ አንድ ማባዛትና መደመር ቢሠራ፣ ጣሪያው በሰከንድ 22 ቢሊዮን ነው። በ2017 የወጣው ሞባይልኔት ደግሞ አንድ የ224 በ224 ምስል ለማየት 569 ሚሊዮን ማባዛትና መደመር ይፈልጋል። እናንተ ለ60 ፍሬ 60 ጊዜ ትጠሩታላችሁ። ለአንድ ፎቶ 34 ቢሊዮን ሆነ። በሰከንድ ሁለት ተኩል ፎቶ ሲሆን 85 ቢሊዮን። ያላችሁ 22 ነው፣ እሱም በወረቀት ላይ።

የጓደኞችህ ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል። ቺፑን ለሦስት ብትከፍሉትም አንድ ላይ ብታደርጉትም 22 ቢሊዮን 85 አይሆንም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ካሜራችሁ ስንት ፒክሰል ነው? አልጻፍክልኝም። እንደ ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች በአግድም 1280 ነው እንበል። ለ20 ሳንቲሜትር ስታካፍለው ለአንድ ሳንቲሜትር 64 ፒክሰል ይደርሳል። የቡና ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ፍሬዋ ከፎቶው ተቆርጣ የምትወጣው 64 በ64 ገደማ ሆና ነው። እናንተ ያቺን ወስዳችሁ ወደ 224 ትለጥጧታላችሁ። አዲስ ዝርዝር አልተጨመረም፤ ያው ፒክሰል ነው የሰፋው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ኔትዎርኩን በ64 በ64 አሠልጥኑት። የምስሉ ጎን ሲያንስ ሥራው በካሬው ይወርዳል። ለአንድ ፍሬ 569 ሚሊዮን የነበረው 46 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ለ60 ፍሬ 2.8 ቢሊዮን፣ በሰከንድ ደግሞ 7 ቢሊዮን። አሁን ቦርዱ ቻለው። የነቀዝ ቀዳዳ በዚህ መጠን ካልታያችሁ ካሜራውን ቀይሩ ወይም አቅርቡት እንጂ ኔትዎርኩን አታስፉ።

እንግዲህ አሁን ስለ አክሰለሬተር ማውራት እንችላለን።

ሞባይልኔት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ሁሉንም ቻናል (ኔትዎርኩ ከምስሉ የሚያወጣቸውን ንብርብሮች) ከሁሉም ጋር ይቀላቅላል፤ ፖይንትዋይዝ ይሉታል። ከጠቅላላው ስሌት 95 በመቶው እሱ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው ይዞ በ3 በ3 መስኮት ያልፍበታል፤ ዴፕዝዋይዝ ይባላል። ድርሻው 3 በመቶ ብቻ ነው። ሰው 3 በመቶ ሲባል ይንቀዋል።

ማባዣዎቹን እንደተለመደው በረድፍና በአምድ ደርድራቸው። 14 በ14 ብትል 196 ይሆናሉ። ረድፎቹ የሚገቡትን ቻናሎች ይይዛሉ፣ አምዶቹ የሚወጡትን። ፖይንትዋይዝ ሲመጣ ሁሉም ይሠራል፣ ያምራል። ዴፕዝዋይዝ ሲመጣ ግን አንደኛው ቻናል ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ብቻ ነው ጉዳዩ። ከ196ቱ በሰያፍ የተሰለፉት 14ቱ ብቻ ይሠራሉ። 182ቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ለአንድ ፎቶ ስታሰላው ዋናው ሥራ 140 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ያ የተናቀው 3 በመቶ ደግሞ ሌላ 60 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። ድምሩ 200። ከጊዜው ሲሶ ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ከሥራው 3 በመቶ የሆነው በላው።

ተመራማሪዎቹ ዓመታት የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። እንዲህ ያለውን ድርድር ኩንግና ላይሰርሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲስቶሊክ ብለው አቀረቡት። ጉግል በ2015 ሥራ ላይ ያዋለው የመጀመሪያው ቲፒዩ፣ ማለትም የራሱ የኒውራል ኔትዎርክ ቺፕ ውስጥ ያለው እሱው ነው፤ 256 በ256፣ ማለትም 65,536 ማባዣ። ጣሪያው በሰከንድ 92 ትሪሊዮን ስሌት ነበር። በ2017 ያወጡት ጽሑፍ ግን ሐቁን ይናገራል። ከለኩባቸው ስድስት ኔትዎርኮች አራቱን የገደባቸው የማባዣ ቁጥር ሳይሆን ከሚሞሪ የሚመጣው ዳታ ፍጥነት ነው። ማባዣው ሞልቶ ተርፏል፤ የሚበላው ነው ያልደረሰለት።

ከዚያ በኋላ የመጡት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። እኔ በአራት እከፍላቸዋለሁ። አንዱ ሽቦውን ተለዋዋጭ ማድረግ ነው። በ2018 ከጆርጂያ ቴክ የወጣው ማዬሪ በማባዣዎቹ መካከል ትናንሽ መቀያየሪያዎች አስገብቶ እንደ ሌየሩ (የኔትዎርኩ አንድ የሥራ ደረጃ) መጠን በተለያየ ቁጥር እንዲቧደኑ አደረገ። የኤምአይቲው አይሪስ ሁለተኛ እትም በ2019 ሲወጣም ዋናው ለውጥ እዚያው ነው፤ ዳታ ማከፋፈያው እንደ ሞባይልኔት ላሉ ቀጫጭን ኔትዎርኮች እንዲመች ተደርጎ ተሠራ። ሁለተኛው ሰዓት መከፋፈል ነው። በ2020 የወጣው የኮሪያ ተመራማሪዎች ሥራ ፕሬማ አስቸኳይ ኔትዎርክ ሲመጣ የሚሠራውን አቋርጦ ተራውን ለአስቸኳዩ ይሰጣል። ሦስተኛው ቺፑን ራሱን መሰነጣጠቅ ነው፤ በዚያው ዓመት የቀረበው ፕላናሪያ። ጓደኛህ ያለችው ይህንን ይመስለኛል። አራተኛው በ2021 የወጣው ሄራልድ ነው። "ሁሉን የሚችል አንድ ከምንሠራ የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ትናንሾች አንድ ቺፕ ላይ እናስቀምጥ፣ እያንዳንዱን ሌየር ለሚስማማው እንስጠው" ነው ሐሳቡ።

ስለ መሰነጣጠቁ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም ይማርከዋል። የእድራችንን ድንኳን አስቡት። አንድ ትልቅ ድንኳን ያለው እድር በአንድ ቀን ለቅሶና ሠርግ ቢገጥመው ይቸግረዋል። በገመድ የሚያያዙ አራት ትናንሽ ድንኳኖች ያሉት ግን ሦስቱን ለሠርጉ ያያይዛል፣ አንዱን ለለቅሶው ይልካል። ብልህ ነው። ግን የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ያውቃል። ዝናቡ በመጋጠሚያው ነው የሚገባው። ቺፑም ላይ መጋጠሚያው ዋጋ አለው። ተጨማሪ ሽቦ፣ ተጨማሪ መቀያየሪያ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሚሞሪና የራሱ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ብዙ ደንበኛ ያለው ዳታ ሴንተር ይህን ዋጋ ከፍሎ ያተርፋል። 220 ማባዣ ያለው ቦርድ ላይ ግን መቀያየሪያው ራሱ ቦታውን ይጨርሰዋል።

ለእናንተ የምመክረው ይህንን ነው።

196ቱን ማባዣዎች ለዋናው ሥራ በአንድ አሬይ (ድርድር) ተዉአቸው። ከ220 ላይ 24 ይተርፋል። ከነሱ 18ቱን ውሰዱና ለዴፕዝዋይዝ ብቻ ትንሽ ሞተር ሥሩ። 18 ማለት ሁለት የ3 በ3 መስኮት ነው። ትልቁ አሬይ የአንዱን ፍሬ ፖይንትዋይዝ ሲሠራ ትንሹ የሌላውን ፍሬ ዴፕዝዋይዝ ይሠራል። ትንሹ ለአንድ ፎቶ 50 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ ግን በትይዩ ስለሆነ አይታይም። 200 የነበረው ወደ 140 ወረደ። ይህ የሄራልድ ሐሳብ ነው፣ በድሃ አቅም።

የድምፁን ኔትዎርኮች በተመለከተ፣ አክሰለሬተር አትሥሩላቸው። ቃል ለመለየት ከተሠሩት ትናንሽ ኔትዎርኮች መካከል ዌይታቸው (ሲሠለጥኑ የተማሯቸው ቁጥሮች) 40 ኪሎባይት የማይሞላ አሉ። የሁለቱም ዌይት ቺፑ ውስጥ ባለው ሚሞሪ በቋሚነት ይቀመጥ፤ ያላችሁ 630 ኪሎባይት ነው። ስሌታቸው ደግሞ ጥቂት ሚሊዮን ስለሆነ ትልቁ አሬይ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። የሚያስፈልገው በሌየርና በሌየር መካከል እንዲገቡ መፍቀድ ነው። የ60ው ፍሬ ሥራ ውስጥ ረጅሙ ሌየር 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው የሚይዘው። "ቁም" ያለ ሰው 13 ሚሊሰከንድ ቢጠብቅ አይሰማውም። ኩሽኔታውማ አንድ ሰከንድ ቢጠብቅስ? ኩሽኔታ በአንድ ሰከንድ አይበላም።

መሃል ሌየር ላይ አታቋርጡ። ያኔ ገና ያላለቀ ድምር ይዛችሁ ነው የምትቀሩት፣ እሱን አስቀምጦ መልሶ ማምጣት ሌላ ጣጣ ነው። ሌየሩ ሲያልቅ ግን የሚቀመጠው የተጠናቀቀ ውጤት ብቻ ነው።

(እግረ መንገዴን፦ ማሽን በድምፅ ብቻ አይቆምም። የሚጫን ቀይ ቁልፍ አድርጉበት። እጅ ያለበት ቦታ ነው።)

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው። ተለዋዋጭነት ማውጣት ያለባችሁ የት ነው? ማባዣው ላይ አይደለም፤ ሚሞሪውን በሚያነበው ክፍል ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ቁጥር ልስጥህ። የስታንፎርዱ ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ያቀረቡት ስሌት አለ፣ ለ45 ናኖሜትር ቺፕ። ሁለት ባለ 8 ቢት ቁጥሮችን ማባዛት 0.2 ፒኮጁል ይፈጃል። ከውጭ ሚሞሪ 32 ቢት፣ ማለትም አራት እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ማንበብ 640 ፒኮጁል። ማባዛት በነፃ ነው ማለት ይቻላል። ገንዘቡ የሚያልቀው ትራንስፖርት ላይ ነው።

የእናንተን እንይ። የሞባይልኔት ዌይት በ8 ቢት 4.2 ሜጋባይት ነው። ቺፑ ውስጥ አይገባም። ለእያንዳንዱ ፍሬ ከመጀመሪያው ብታነቡት ለአንድ ፎቶ 250 ሜጋባይት ታመላልሳላችሁ። "እንግዲያው 60ውን ፍሬ አንድ ላይ፣ ሌየር በሌየር እናሳልፍ" ትላለህ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዌይቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ግን መጀመሪያዎቹ ሌየሮች ላይ የመካከለኛው ውጤት ለአንድ ፍሬ እስከ 65 ኪሎባይት ይደርሳል። ለ60 ፍሬ ወደ 4 ሜጋባይት። እሱም አይገባም፤ ወደ ውጭ ይፈሳል።

መፍትሔው ሁለቱንም ማድረግ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ሌየሮች ምስላቸው ሰፊ፣ ዌይታቸው ትንሽ ነው። እዚያ ፍሬ በፍሬ ሂዱ። ወደ መጨረሻው ያሉት ደግሞ ምስላቸው 4 በ4 እና 2 በ2 ደርሷል፣ ዌይታቸው ግን ከባድ ነው። እዚያ 30 ፍሬ በአንድ ላይ አሳልፉ። 4 በ4 በ512 ቻናል ለአንድ ፍሬ 8 ኪሎባይት ነው። ለ30 ፍሬ የሚገባውም የሚወጣውም ተደምሮ 490 ኪሎባይት ገደማ። ገባ፤ ለድምፁም ቦታ ተረፈ።

ይህንን ለመፍቀድ ሃርድዌሩ ላይ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉ የማይቀየር አድራሻ ቆጣሪ (ቀጥሎ የሚነበበውን የሚሞሪ ቦታ የሚያወጣ ክፍል) አለመሥራት ነው። ቆጣሪው ስንት ፍሬ፣ ስንት ቻናል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያነብ በሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ባለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ይነገረው። ጥቂት መቶ መስመር ኮድ ነው። ፕሮጀክታችሁ ላይ ተለዋዋጭ የምትሉት እሱ ይሁን።

ጓደኛህ አክሰለሬተሩ ይለያይ ያለው ለዴፕዝዋይዙ ይሠራል፣ ለሦስቱ ኔትዎርክ ግን አይሠራም። ለሌላዋም ንገራት፦ ፕላናሪያ ግሩም ሥራ ነው፤ ሦስት ካሜራ ያላት፣ ሦስቱም መጠበቅ የማይችሉ፣ መኪና የምትሠራ ቀን ትመለስበት። የቺፑን ክፍል እየሠራ እያለ በሌላ መተካትም ይቻላል ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። ይቻላል። እናንተ ግን አያስፈልጋችሁም፤ መቀየሪያው ራሱ ሚሊሰከንዶች ይበላል።

ያሰላሁልህ ሁሉ የወረቀት ነው። ቦርዱ ላይ ከዚህ ይረዝማል። የመጀመሪያው ሌየር ሦስት ቀለም ብቻ ስለሚገባው አሬያችሁን አይሞላም፣ ሚሞሪውም የተባለውን ፍጥነት አይሰጥም። እጥፍ ቢሆን እንኳ 280 ሚሊሰከንድ ነው። ያላችሁ 400 ነው።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ጤና ይስጥልኝ። አጋሮ መንገድ ላይ የቡና መጋዘን አለኝ። አራት ካሜራ አስገብቻለሁ። አንድ ሻጭ ሳጥን አምጥቶ "20 ቶፕስ ነው፣ የመኪና ታርጋ ያነባል፣ ጆንያ ይቆጥራል፣ ማታ ሰው ሲገባ ይናገራል፣ ሁሉንም በአንዴ" አለኝ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ልግዛ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቶፕስ ማለት በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ስሌት ማለት ነው። ማባዣው ሁሉ አንድም ሳያርፍ ቢሠራ የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ እርስዎ የሚያገኙት አይደለም። ከላይ ለተማሪው የጻፍኩትን ካነበቡ፣ ከ196 ማባዣ 14ቱ ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ እንዳለ አይተዋል።

ሁለተኛው ነገር "ሁሉንም በአንዴ" የሚለው ነው። የጉግልን ኮራል የሚባል ትንሽ አክሰለሬተር ልጥቀስልዎ፣ አሠራሩ ለሕዝብ የተገለጸ ስለሆነ። 4 ቶፕስ ነው፣ ኤሌክትሪኩ 2 ዋት ገደማ ነው፣ ውስጡ 8 ሜጋባይት ያህል ሚሞሪ አለው። አንድ ኔትዎርክ ብቻ ሲያሠሩት ዌይቱ እዚያው ይቀመጥና ይበራል። ሁለት ኔትዎርክ ሲያፈራርቁበት ግን አንዱ በገባ ቁጥር የሌላውን አስወጥቶ የራሱን ይጭናል። ሥራው ከማስላት ወደ መጫንና ማውረድ ይዞራል። ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ሁለቱን ኔትዎርኮች አንድ ላይ ኮምፓይል ካደረጓቸው (ወደ ቺፑ ቋንቋ ከተረጎሟቸው) ቦታውን ተካፍለው ይቀመጣሉ። ሻጩ ይህን ያውቃል ወይ? "ሦስቱን ሞዴሎች አንድ ላይ ነው ያዘጋጀኸው ወይስ ለየብቻ?" ብለው ይጠይቁት። ፊቱን ያዩታል።

ደግሞ ሦስቱ ሥራዎች በእርግጥ በአንዴ ይፈለጋሉ? ታርጋ የሚነበበው መኪና ሲመጣ ነው። ሰው መግባቱ የሚያሳስብዎ ማታ ነው። ጆንያ ቆጠራው ከተቀዳው ቪዲዮ ላይ ከሰዓታት በኋላ ቢሠራ ምን ይጎድላል? ምንም። ሥራዎቹን በተለያየ ሰዓት ካከፋፈሏቸው በጣም ያነሰ ሳጥን ይበቃዎታል።

ሻጩ የማያወራዎት አንድ ነገር አለ፤ ገለባ። ቅርቡን ከአንድ ጀንፈል መፈልፈያ ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን መጥቶልኝ ከፈትኩት። የማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል ገለባው ከዘይት ጋር ተጋግሮ እንደ ጭቃ ጠንክሯል። ማራገቢያው ይዞራል፣ አየር ግን አያልፍም። ቺፑ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ "ጠዋት ይቆጥራል፣ ከሰዓት ይሳሳታል" ነበር ያለኝ። ሶፍትዌሩ ምንም አልነበረበትም። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጸዳሁት፣ በቃ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሳጥኑን መጋዘንዎ ውስጥ፣ ቡና እየተጫነ፣ አራቱም ካሜራ በርቶ፣ ሦስቱም ሥራ ተከፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያሠሩት። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃና የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ያወዳድሩ። ከዚያ መብራቱን ያጥፉትና መልሰው ያብሩት። ሰው ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ሥራ ካልጀመረ አይግዙት። ማራገቢያ የሌለው፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ክንፍ ያለው ካገኙ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የላብ ረዳት ነኝ። ስለ አክሰለሬተር ዲዛይን መማር እፈልጋለሁ። ግን ቦርድም የለኝም፣ አገሩ ላይ ቺፕ ማምረቻም የለም። ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ አለኝ። በሱ ብቻ ምን ልሠራ እችላለሁ? ወይስ ሕልም ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕልም አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ ሥራዎችም የተጀመሩት በሲሙሌተር፣ ማለትም ቺፑን በሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ቺፕ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይመጣም።

ስኬል-ሲም ከሚባለው ጀምሪ። በፓይተን የተጻፈ ነው፣ ላፕቶፕሽ ይችለዋል። የአሬይሽን ቁመትና ስፋት፣ የሚሞሪውን መጠን፣ የኔትዎርኩን ሌየሮች ትሰጪዋለሽ። እያንዳንዱ ሌየር ስንት ምት እንደወሰደና ስንቱ ማባዣ እንደሠራ ይነግርሻል። ሌሎቹ ታይምሉፕና ማኤስትሮ ናቸው። እነሱ ዳታው በምን ቅደም ተከተል ቢንቀሳቀስ ጉልበት እንደሚቆጥብ ይፈትሻሉ። ጠንከር ይላሉ፣ አትቸኩይ። እውነተኛ ንድፍ ማየት ስትፈልጊ ከበርክሊ የወጣው ጀሚኒ (Gemmini፣ የጉግሉ አይደለም) አለ፤ ኤንቪዲያ በ2017 ለሕዝብ የከፈተው ኤንቪዲኤልኤ (NVDLA) የሚባለውም አለ። የሁለተኛው ኮድ ትልቅ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተስፋ ያስቆርጣል። እኔ ብሆን ጀሚኒን አስቀድማለሁ።

ለመጀመሪያ ሥራ ይህን ሞክሪ። ሞባይልኔትንና ሬስኔት-50 የሚባለውን ሌላ የምስል ኔትዎርክ ውሰጂ። ሬስኔት 25 ሚሊዮን ገደማ ዌይት አለው፣ ሞባይልኔት 4.2 ሚሊዮን፤ ጠባያቸውም ይለያያል። 196 ማባዣ ይኑርሽ። አንዴ 14 በ14 አድርጊው፣ አንዴ 7 በ28፣ አንዴ 28 በ7። የየሌየሩን ውጤት በሰንጠረዥ ጻፊ። ለአንዱ የሚመቸው ቅርጽ ለሌላው ላይመች ይችላል፤ የት ሌየር ላይ እንደሚለያዩ ፈልጊ። ከዚያ ሁለቱን ኔትዎርኮች በተራ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጨምሪበት። አንዱ በየ100 ሚሊሰከንዱ መልስ የሚጠበቅበት፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ሊጠብቅ የሚችል አድርጊው። ተራውን እንደ መጡበት ቅደም ተከተል ስትሰጪና ቀጠሮው ለቀረበው ስታስቀድሚ ስንት ቀጠሮ እንደሚያልፍ ቁጠሪ።

ሰንጠረዡን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሬስኔት 7 በ28 ላይ ምን እንዳሳየሽ ማየት እፈልጋለሁ።